የሦስት ቀን ባሕር

ከአትላንታ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ስድስት ሰዓት ያህል በመኪና የተጓዘ ሰው በፍሎሪዳ ሰሜን ምዕራብ ጠረፍ ላይ ዴስቲንን ያገኛል። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ወደቧ ግን በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ በመዝናኛ ዓሣ ማጥመድ ከሚታወቁት ወደቦች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነው። በ1948 የተጀመረው የዓሣ ማጥመድ ውድድር ዛሬም በየዓመቱ በኦክቶበር ወር ይካሄድበታል (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሰፊ የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ለሚገኝባት አትላንታ፣ ይህ ጠረፍ በቅርብ ርቀት ከሚገኙት የጨው ውኃ ዳርቻዎች አንዱ ነው።

በወደቡ ሁለት ዓይነት የማጥመጃ ጉዞ አለ፤ ልዩነቱን የአዲስ አበባ ታክሲ ተሳፋሪ በቀላሉ ይረዳዋል። አንደኛው ጀልባ በኮንትራት ይሄዳል፦ አንድ ቤተሰብ ወይም አንድ የጓደኛሞች ቡድን ጀልባውን ከነካፒቴኑ ይከራየዋል፤ ከእነዚህ መካከል ትናንሾቹ በሕግ ከ6 በላይ ከፋይ መንገደኛ አይጭኑም። ሁለተኛው ሰፊ ጀልባ ነው፤ የማይተዋወቁ በርካታ ሰዎች በነፍስ ወከፍ እየከፈሉ ይሳፈሩበታል። ዘንጉ፣ መንጠቆውና መንጠቆው ላይ የሚሰካው ቁራጭ ሥጋ በክፍያው ውስጥ ይካተታል። የማጥመድ ፈቃዱም በጀልባው ስም ስለሚያዝ መንገደኛው ለብቻው ፈቃድ ማውጣት አያስፈልገውም። ረዳቶቹ የተወሳሰበ ክር ይፈታሉ፣ ዓሣ ከመንጠቆ ያላቅቃሉ፤ ጀልባው ሲመለስም መትከያው ላይ ሥጋውን ከአጥንቱ ይለያሉ። ከገቢያቸው ከፍ ያለው ድርሻ የሚመጣው ከመንገደኛው ጉርሻ ነው።

የመዝናኛ አጥማጅ የያዘውን ዓሣ መሸጥ በሕግ የተከለከለ በመሆኑ፣ የዴስቲን ጀልባዎች ገበያ የሚያወጡት ቀንን ነው፦ ወደ ባሕር ወጥቶ የተፈለገውን ዓሣ ይዞ መመለስ የሚፈቀድበትን ቀን። ያ ቀን ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ እንዴት እንዳነሰ፣ ከዚያም ለማን ተመልሶ እንደበዛ መመርመር የጋራ ሀብት አስተዳደርን ለሚያጠና ሰው ጠቃሚ ትምህርት አለው።

የቀናቱ ሒሳብ

በዚህ ባሕር የብዙ እንግዶች ምኞት ሬድ ስናፐር የሚባለው ቀይ ዓሣ ነው። ሥጋው ተወዳጅ ነው፤ ዕድሜውም ረጅም ነው፤ ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ቁጥሩ ክፉኛ ተመናምኖ ነበር። በ1976 በወጣው የአሜሪካ የዓሣ ሀብት ሕግና በተከታዮቹ ማሻሻያዎች መሠረት እስከ 2032 ድረስ ሊያገግም የሚገባው ዓሣ ሆኖ ተመዘገበ። ከሚፈቀደው አጠቃላይ ምርት 51 በመቶው ለንግድ አጥማጆች፣ 49 በመቶው ለመዝናኛ አጥማጆች ተመደበ። አንድ መዝናኛ አጥማጅ በቀን ከ2 ዓሣ በላይ እንዳይዝ ተወሰነ።

በ2007 የመዝናኛ አጥማጆች የፌዴራል ወቅት 194 ቀን ነበር። በ2008 ወደ 65 ቀን ወረደ፤ በ2012 46 ቀን ሆነ፤ በ2014 ደግሞ 9 ቀን ብቻ ቀረ። በ2017 የግል ጀልባ ላላቸው አጥማጆች የታወጀው የፌዴራል ወቅት 3 ቀን ነበር።

ለጉዳዩ እንግዳ የሆነ ሰው ይህን ቅደም ተከተል ሲያይ ዓሣው እየጠፋ የሄደ ይመስለዋል። እውነታው የተገላቢጦሽ ነበር፤ ዓሣው እያገገመ ነበር። ኮታው የሚለካው በክብደት ነው። ዓሣው በበዛና በገዘፈ ቁጥር እያንዳንዱ አጥማጅ ሁለቱን ዓሦች ቶሎ ይይዛል፤ የእያንዳንዱም ዓሣ ክብደት ይጨምራል፤ ስለዚህ ኮታው ቢያድግም በጥቂት ቀናት ያልቃል። ማገገሙ ራሱ ወቅቱን አሳጠረው። ካፒቴኑ ከጀልባው በታች ብዙ ዓሣ መኖሩን በመሣሪያው እያየ፣ ሕጉ እንዳይነካው ይከለክለዋል። በወደቡ መንግሥት ላይ የነበረው ምሬት የበቀለው ከዚህ ቅራኔ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የክልሎቹ እርምጃ ነው። የፍሎሪዳና የቴክሳስ የባሕር ወሰን እስከ 9 የባሕር ማይል ይደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የፌዴራል ነው። ክልሎቹ የነዋሪዎቻቸውን ቅሬታ ለማስታገስ በየራሳቸው ውኃ ረዘም ያለ ወቅት ፈቀዱ። ዓሣው ግን አንድ ነው፤ ኮታውም አንድ ነው። በክልል ውኃ የሚያዘው ዓሣ ከጋራው ሒሳብ ላይ ይቀነሳል፤ የቀረው ለፌዴራሉ ወቅት ይተርፋል። እያንዳንዱ ክልል ለዜጎቹ ቀን ሲጨምር የሁሉም የጋራ ቀን አነሰ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል እንደሚባለው፣ ቀን ፍለጋ የተጀመረው እሽቅድምድም በሦስት ቀን ባሕር አበቃ።

ስኮት ጎርደን የተባለው የካናዳ ኢኮኖሚስት በ1954 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ባለቤት የሌለው የዓሣ ሀብት ጥቅሙ በእሽቅድምድሙ ወጪ ተሟጦ እንደሚያልቅ አሳይቷል። በዴስቲን የታየው የዚሁ ችግር ሌላ መልክ ነው። ጠቅላላው መጠን በሕግ ተገድቦ የእያንዳንዱ ድርሻ ካልታወቀ፣ እሽቅድምድሙ ወደ ጊዜ ይዞራል። በጥቂት ቀን ሁሉም ይወጣል፤ ማዕበል ቢኖርም ይወጣል፤ የጠፋው ቀን አይተካምና።

ተመልሶ የሚጣለው ዓሣ

የወቅቱ ማጠር ዓሣውን ከመንጠቆ አያድነውም። ሬድ ስናፐር ከሌሎች ዓሦች ጋር በአንድ አለታማ ወለል ላይ ስለሚኖር፣ ወቅቱ በተዘጋበት ቀን ሌላ ዓሣ የሚፈልግ ሰው መንጠቆም ይይዘዋል። ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት የተሳበ ዓሣ በሰውነቱ ውስጥ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋል፤ ሆድ ዕቃው በአፉ በኩል ይወጣል። በሕግ ተገድዶ ወደ ባሕር ሲመለስ መጥለቅ አቅቶት ይንሳፈፋል፤ የወፍ ወይም የዶልፊን ሲሳይ ይሆናል። ሕጉን ያከበረው አጥማጅ ሞቶ የሚቀር ዓሣ ይጥላል ማለት ነው።

ለዚህ መላ የሚሆን ቀላል መሣሪያ አለ፤ ዓሣውን በክብደት ታግዞ ወደ ጥልቀቱ መልሶ የሚለቅ። በ2021 መጀመሪያ የጸደቀ ሕግ በባሕረ ሰላጤው የፌዴራል ውኃ የዚህ ዓይነት ዓሣ የሚያጠምዱ ጀልባዎች መሣሪያውን ወይም የአየር ከረጢቱን የሚያስተነፍስ መርፌ አዘጋጅተው እንዲይዙ አስገድዷል። ይህ ጉዳቱን ይቀንሳል፤ የቀን አደላደሉን ጥያቄ ግን አይመልስም።

ድርሻው ሲለይ

እስከ 2014 ድረስ የግል ጀልባ ያለውና ጀልባ ተከራይቶ የሚወጣው በአንድ የመዝናኛ ኮታ ሥር ነበሩ። የግል ጀልባዎች ቁጥር ገደብ አልነበረውም፤ ማን ስንት ቀን እንደወጣና ምን እንደያዘ የሚገመተው በናሙና ጥናት ነበር። የኪራይ ጀልባዎቹ ግን ከ2003 ጀምሮ አዲስ የፌዴራል ፈቃድ እንዳይሰጥ በመታገዱ ቁጥራቸው የታወቀ ነበር። ሁለቱ በአንድ ከረጢት ሲቀመጡ፣ ቁጥሩ የታወቀው ወገን ቁጥሩ ባልታወቀው ወገን ዕድገት ምክንያት ቀኑን እያጣ ሄደ።

የባሕረ ሰላጤው የዓሣ ሀብት ምክር ቤት በ2014 ኮታውን ለሁለት ከፈለው፤ 42.3 በመቶው ለኪራይ ጀልባዎች፣ 57.7 በመቶው ለግል ጀልባዎች ሆነ። በ2015 የኪራይ ጀልባዎቹ ወቅት 44 ቀን፣ የግሎቹ 10 ቀን ሆነ። በተከታዩ ዓመት 46 እና 11 ነበር። በ2014 እና በ2015 በተካሄደ ሙከራ ደግሞ፣ በነፍስ ወከፍ የሚጭኑ ጥቂት ጀልባዎች ቀደም ሲል በያዙት መጠን ልክ ዓመታዊ ድርሻ ተሰጥቷቸው ቀኑን ራሳቸው እንዲመርጡ ተፈቀደላቸው። ጀልባው በፀደይም በመኸርም እንግዳ ይዞ መውጣት፣ የያዘውንም ዓሣ ቆጥሮ ማሳወቅ ቻለ።

የግል ጀልባ ባለቤቶች ክፍፍሉን ተቃወሙ፤ ባሕሩ የሕዝብ ሆኖ ሳለ ለነጋዴ ካፒቴን ድርሻ ተሰጠ አሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ አንድ ነገር ግን ይዘነጋል። በካፒቴኑ ጀልባ ላይ የሚሳፈረው ሰውም ሕዝብ ነው። ጀልባ፣ የጀልባ ማቆሚያና ተጎታች የሌለው፣ በዓመት አንድ ቀን ልጆቹን ይዞ ከአትላንታ የሚመጣ ሰው፣ በጋራ ሀብቱ ላይ ያለውን መብት የሚጠቀመው በኪራይ ጀልባ በኩል ብቻ ነው። ከካፒቴኑ የተወሰደው ቀን ከእርሱም ይወሰዳል።

በጁን 2017 የፌዴራሉ የንግድ መሥሪያ ቤት ከክልሎቹ ጋር ተስማምቶ ለግል ጀልባዎች 39 ቀን ጨመረ። መግለጫው ራሱ ውሳኔው የዓሣውን ማገገም እስከ 6 ዓመት ሊያዘገይ እንደሚችል አምኖ ነበር። የሦስቱ ቀን ቁጣ በፖለቲካ ተፈታ፤ ሒሳቡ ለመጪው ትውልድ ተላለፈ። በ2018 ክልሎቹ የግል ጀልባዎችን ድርሻ ራሳቸው እየቆጠሩ እንዲያስተዳድሩ በሙከራ ተፈቀደላቸው፤ በ2020 ይኸው ቋሚ ሆነ። ቀን የሚጨምር ክልል ከራሱ ድርሻ ላይ የሚቀንስ በመሆኑ፣ ለልግስናው የሚከፍለው ራሱ ሆነ።

የባሕር ባላባት

ድርሻን ለይቶ መስጠት ነጻ መድኃኒት አይደለም። የንግድ አጥማጆቹ በ2007 የግል ኮታ ሲሰጣቸው የእሽቅድምድሙ ወቅት አበቃ፤ ዓመቱን ሙሉ በሰከነ አየር መውጣትም ቻሉ። ይሁን እንጂ ድርሻው በነጻ የታደለው ቀድሞ ለነበሩት፣ ቀድሞ በያዙት መጠን ልክ ነው። ድርሻው የሚሸጥና የሚከራይ በመሆኑም፣ ዛሬ ከባሕር ርቀው ተቀምጠው ኮታቸውን የሚያከራዩ ሰዎች አሉ፤ ወጣቱ አጥማጅ ከሚይዘው ዓሣ ላይ ኪራይ ይገብራል። ተቺዎች የባሕር ባላባት ይሏቸዋል። ባላባትና ጭሰኛ የሚሉት ቃላት ምን እንደሚያዝሉ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህ ስም ማብራሪያ አያሻውም።

የእሽቅድምድሙን ብክነት ያየ ሰው ድርሻ ይከፈል ይላል፤ የባላባትነቱን ፍሬ ያየ ደግሞ ድርሻ አይከፈል ይላል። ሁለቱም የሚዘነጉት ድርሻ መኖሩና ድርሻው የዘላለም ርስት መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው። የጊዜ ገደብ ያለው፣ ለአዲስ ገቢ ቦታ የሚተውና በእጁ የሚሠራ ሰው ብቻ የሚይዘው ድርሻ ማዘጋጀት ይቻላል። የኤሊኖር ኦስትሮም ሥራ ያስተማረውም ይህንኑ ነው፤ የጋራ ሀብት ዕጣ የሚወሰነው ድንበሩን፣ ተጠቃሚውንና ደንቡን ማን እንደሚያወጣና ማን እንደሚጠብቅ በሚወስኑት ዝርዝሮች ነው።

መቆጠርና መገበር

ማንኛውም ድርሻ በቆጠራ ላይ ይቆማል። ከ2021 ጀምሮ የባሕረ ሰላጤው የኪራይ ጀልባዎች እያንዳንዱን ጉዞና የያዙትን ዓሣ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲያሳውቁ ተደነገገ፤ ደንቡ ጀልባው ያለበትን ቦታ ሁልጊዜ የሚያሳይ መሣሪያ በባለቤቱ ወጪ መግጠምንም ይጨምር ነበር። አንዳንድ ካፒቴኖች ተቃወሙ። ያለ ጥፋታቸው ሌት ተቀን መከታተል እንደ ወንጀለኛ መታየት ነው ብለው ተከራከሩ። በፌብሩዋሪ 2023 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው፤ በባሕረ ሰላጤው የነበረው የቆጠራ ደንብም ተሻረ።

መንግሥት በረት፣ ቤትና እህል መቁጠር ሲጀምር ግብር እንደሚከተል ያየ ገበሬ ቆጣሪውን ለምን በጥርጣሬ እንደሚያየው ለመረዳት አይከብድም። የዴስቲንም ካፒቴን ስሌት የተለየ አይደለም። ሰው መቆጠርን የሚቀበለው ከቆጠራው የሚያገኘው ነገር ከሚሰጠው ሲበልጥና ቆጣሪው ወሰኑን ሲያውቅ ነው። በ2015 ቀን ያስገኘው ቆጠራ በካፒቴኖቹ ዘንድ ደጋፊ ነበረው፤ የቦታ ክትትል ሲታከልበት ግን ከሥሩ ተነቀለ።

ከዴስቲን እስከ ጣና

ይህ ጉዳይ ባሕር ለሌላት ሀገር የራቀ መስሎ ይታይ ይሆናል። ጣና ላይ የወይጦ ማኅበረሰብ በደንገል ታንኳ ሲያጠምድ ኖሯል። በ1980ዎቹ አጋማሽ የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ ገባ። ከሐይቁ በቀር በዓለም የትም ከማይገኙት የባርበስ ዝርያዎች በርካታዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣሉ፤ በወንዞቹ አፍ ላይ የሚዘረጋው መረብም የሚይዛቸው በዚሁ ጊዜ ነው። ተመራማሪዎች ከ1990ዎቹ ጀምሮ የእነዚህ ዓሦች ቁጥር እጅግ መቀነሱን መዝግበዋል።

በ2003 የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የሕግ መሠረት ጥሏል። በሕግ ላይ የሰፈረ ክልከላ ግን ብቻውን ምን ያህል እንደሚሄድ ዴስቲን አሳይታለች። ወቅት መዝጋት ለባለሥልጣን ቀላሉ ትእዛዝ ነው፤ ቀኑ የተወሰደበት ሰው ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደሆኑና በምትኩ ምን እንደሚያገኙ ካልታወቀ ግን ክልከላው ወይ ይጣሳል ወይ በፖለቲካ ይሻራል። በጣና የሚጀመር ማንኛውም ቆጠራ ለታንኳው ባለቤት ዋስትና የሚሰጥ ድርሻ ይዞ መምጣት ይኖርበታል። የዴስቲን ካፒቴኖች በ2015 ቁጥራቸው በመታወቁ ከግል ጀልባዎቹ 34 ቀን የበለጠ ባሕር አግኝተዋል። ለጣና አጥማጅም መቆጠሩ የሚያስገኝለት ነገር በቀን ወይም በዓሣ ተሰልቶ፣ ቆጣሪው ወደ ሐይቁ ከመውረዱ በፊት ሊነገረው ይገባል።