ነጭ ጥጥ ቀለም እስኪቀበል

ጨርቅ ማቅለም ሲባል ሐሳባችን የሚሮጠው ወደ ቀለሙ ነው። ከሥራው አብዛኛው ግን ቀለሙ ከመምጣቱ በፊት ያልቃል። ሰሞኑን ቤቴ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ነጠላ በሽንኩርት ልጣጭ ሳቀልም ያየሁት ይህንን ነው። እናንተም ብትሞክሩት ደስ ስለሚለኝ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ጥጥ በተፈጥሮው ሰም አለበት። በእንዝርት ተፈትሎ፣ በሸማኔ እጅ አልፎ፣ ታጥቦ እንኳ ሰሙ አይለቀውም። ነጠላውን በጥቂት ሳሙናና በሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) አንድ ሰዓት ያህል ቀቀልኩት። ለዓይን ነጭ የነበረው ጨርቅ ውኃውን ቡናማ አደረገው! ይህ ሰም ካልወጣ ቀለሙ አንዱን ቦታ ይዞ ሌላውን ይዘለዋል።

የበግ ፀጉርና ሐር ቀለም በቀላሉ ይቀበላሉ። ጥጥ ግን አብዛኛውን የዕፅዋት ቀለም ብቻውን አጥብቆ አይይዝም፤ ሁለቱ የሚጋቡት በሽማግሌ ነው። የመጀመሪያው ሽማግሌ ታኒን ነው፤ ወፍራም ሻይ ስንጠጣ ምላሳችንን የሚያደርቀው እሱ ነው። የግራር ቅርፊትም በብዛት አለው። እኔ ነጠላውን በወፍራም ሻይ ውስጥ አሳደርኩት። ሁለተኛው ሸብ ነው፤ ነጭ፣ ድንጋይ መሳዩ ሸብ። ታኒኑ ጥጡን ይይዛል፣ ሸቡ ታኒኑን ይይዛል፣ ቀለሙ ደግሞ ሸቡን።

ልኩ የሚሰላው በደረቁ ጨርቅ ክብደት ነው። ለ200 ግራም ነጠላ 30 ግራም ሸብና 200 ግራም ደረቅ ልጣጭ ይበቃል። 200 ግራም ጥቂት እንዳይመስላችሁ፤ ልጣጭ ክብደት የለውምና ትልቅ ፌስታል ሙሉ ነው። የራሴ ጓዳ አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ለቃቀምኩ። ጉልት ላይ ሽንኩርት የሚሸጡት እናት ለምን እንደምፈልገው ስነግራቸው ከጆንያው ሥር የቀረውን ሁሉ አራግፈው ሰጡኝ፤ አንድ ብርም አልተቀበሉኝም።

ልጣጩን ቀቅዬ አጠለልኩት፤ ነጠላውንም በውኃው ውስጥ፣ እሳቱን ቀንሼ፣ እያገላበጥኩ አቆየሁት። ወርቃማ ቢጫ ሆነ። ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን ቢጫው አይደለም። የነጠላዬ ድር የፋብሪካ ክር ነው፣ ማጉ ደግሞ የእጅ ፈትል። ቀለሙን እኩል አልጠጡትም። ፈታይዋ ክሩን ያወፈረችበት ቦታ ደመቅ፣ ያቀጠነችበት ፈዘዝ ብሎ ታየ። ነጭ ሳለ ስንት ዓመት ስለብሰው ዓይኔ ውስጥ ያልገባ የእጇ ሥራ፣ ክር በክር ወጣ። ስሟን አላውቅም። ጥለቱ ግን ከሰው ሠራሽ ክር ስለተሠራ ቀለሙ ነክቶትም አያውቅ፤ እንደነበረ አለ።

በእኛ ቤት ድስት ውስጥ ጨርቅ ሲነከር የማውቀው ለከል ብቻ ነበር። ሰው ሲሞት ጥቁር የዱቄት ቀለም ከገበያ ይገዛል፣ ውኃ ይፈላል፣ ነጠላና ቀሚሱ ይነከራል።  እናቴ እሳት ላይ ያለውን ድስትና ጨርቁን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። ቀረብ ብላ ቢጫውን ስታይ ግን ማማሰያውን ከእጄ ተቀበለች፤ እስከ መጨረሻውም አልመለሰችልኝ።

ለምትሞክሩ ጥቂት ልጨምር። ድስቱ ለብቻው ይሁን፤ ወጥ አይሠራበት። የብረትና የአሉሚኒየም ድስት ቀለሙን ይለውጠዋልና የማይዝገውን (ስቴንለስ) ድስት ምረጡ። ቀይ ሥር ያምራል፣ ግን ጥጥ ላይ አይቆይም፤ ቶሎ ታጥቦ ይሄዳል። እርድ ያለ ሸብም ይይዛል፤ ፀሐይ ግን ያደበዝዘዋል፣ ሳሙና ሲነካው ደግሞ ወደ ቀይ ያደላል። የዛገ ምስማር ኮምጣጤ ውስጥ አቆይታችሁ ከውኃው ትንሽ ብታክሉ የልጣጩ ቢጫ ወደ ጥቁር አረንጓዴ ይሄዳል። አታብዙት እንጂ፤ ብረት ሲበዛ ጥጡን ያደክመዋል። ደማቅ ሰማያዊ ወይም ቀይ የሚፈልግ ሰው ግን እ.ኤ.አ. በ1956 ለገበያ የቀረቡትን ሪአክቲቭ ቀለሞች ቢጠቀም ይሻለዋል። እነሱ ውኃው ሳይፈላ፣ በሶዳ አሽ ብቻ፣ ከጥጡ ጋር ይዋሐዳሉ። የተቀለመውን ጨርቅ በለስላሳ ሳሙና እጠቡ፣ ጥላ ላይ አስጡ።

ቀጥሎ ልሞክረው የምፈልገው እንሶስላ ነው። ሥሩ እጅና እግር ላይ የሚሰጠው ቀይ ጥጥ ላይ ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ። በአካባቢያችሁ ክር በሥር፣ በቅጠል ወይም በቅርፊት ሲያቀልሙ የኖሩ አያቶች ካሉ እባካችሁ ሳይውል ሳያድር ጠይቋቸው፤ የትኛው ተክል እንደሆነ፣ በየትኛው ወር እንደሚለቀም፣ ስንት ቀን እንደሚዘፈዘፍ። የሰማችሁትንም ጻፉልኝ።