ዘጠኝ ቀን ያላወቅሁት ዕዳ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ 246 ብር ነው። «ለ246 ብር ይህን ሁሉ?» እንዳትሉኝ። እኔም መጀመሪያ ያልኩት እሱኑ ነበር።

ደሴ ውስጥ የሞባይል ዕቃ እሸጣለሁ፤ ቻርጀር፣ ከቨር፣ የጆሮ ማዳመጫ። ዕቃውን የሚልክልኝ ነጋዴ መርካቶ ነው ያለው። እኔ ብሩን በባንክ አፕ እልክለታለሁ፣ እሱ ካርቶኑን በመኪና ይጭንልኛል። አካውንቴ ከወለድ ነፃ ነው። ሥራ ስጀምር ለእናቴ የገባሁላት ቃል ነበር። አባታችን፣ አላህ ይዘንለትና፣ ብሩን ባንክ አስቀምጦ ወለዱን ግን አልነካም ብሎ የኖረ ሰው ነው። በእሱ ዘመን ሌላ አማራጭ አልነበረም። ብሔራዊ ባንክ ለከወለድ ነፃ አገልግሎት መመሪያ ያወጣው በ2011 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ የሆኑ ባንኮች ሥራ የጀመሩት ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። እኔ በደህና ጊዜ ደረስኩ ብዬ ከአንድ መደበኛ ባንክ ከወለድ ነፃ መስኮት አካውንት ከፈትኩ።

አንድ ሐሙስ ዕለት አካውንቴ ላይ 4,150 ብር ነበረኝ። አንድ ደንበኛዬ ደውሎ «ያንን 2,000 ብር አሁን ላክሁልህ» አለኝ። ሳላጣራ ለመርካቶው ሰው 6,000 ብር ላክሁ። ሄደ። ከሄደማ የደንበኛዬ ብር ገብቷል ማለት ነው ብዬ ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ከባንኩ የመጣውን መልእክት አልከፈትኩትም። ስንቱን መልእክት ከፍተን እንዘልቀዋለን?

በዘጠነኛው ቀን ጅዳ ያለው ወንድሜ ለእናታችን የስኳር መድኃኒት 5,000 ብር አስገባ። ፋርማሲ ቆሜ ልከፍል ስል ቀሪ ሒሳቤ 2,904 ብር ይላል። ደጋግሜ አየሁት፣ ያው ነው። የሁለት ወር መድኃኒት ልገዛ ሄጄ የአንድ ወር ይዤ ተመለስኩ።

በማግስቱ ቅርንጫፉ ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ኮምፒውተሯን አይታ፣ «ወንድሜ፣ ሒሳብ ሲጎድል ባንኩ የሚሞላበት አገልግሎት አለ። ኦቨርድራፍት ነው። አፑ ሲታደስ እስማማለሁ ብለህ ገብተሃል» አለችኝ። የጎደለውን 1,850 ብር ባንኩ ሞልቶልኛል። ለአገልግሎቱ 111 ብር፣ ከዚያ ደግሞ በየቀኑ 15 ብር፣ የዘጠኝ ቀን 135 ብር። ድምሩ 246። የወንድሜ ብር እንደገባ ሁሉንም ቆርጦ ወስዷል።

«አካውንቴ እኮ ከወለድ ነፃ ነው!»

«ሲስተሙ ነው ወንድሜ፤ እኛ ምንም ማድረግ አንችልም።»

ወላሂ ያንገበገበኝ ብሩ ብቻ አልነበረም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ የሸሸው ነገር፣ ቀን እየቆጠረ የሚጨምር ዕዳ፣ ሳላውቀው ኪሴ ውስጥ ዘጠኝ ቀን አድሯል። እናቴ «አብሽር ልጄ፣ ለአላህ ተውለት» አለች። ጓደኛዬም «ሶብር አድርግ፣ ከባንክ ጋር ተከራክሮ የረታ የለም» አለኝ። አንድ ሳምንት ተውኩት። ግን አልተወኝም።

በመጨረሻ ከመግሪብ በኋላ ለሰፈራችን ኡስታዝ ነገርኩት። ባንኩን ያወግዝልኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። እሱ ግን «ወረቀቱን አይተኸዋል?» አለኝ። አላየሁም። «በቁርኣን ውስጥ ረጅሙ አንቀጽ ስለ ምን እንደሆነ ታውቃለህ? አል-በቀራህ 282 ነው፤ ዕዳን ስለ መጻፍ። አንተ ይዘህልኝ የመጣኸው ንዴት ነው። ወረቀት ይዘህ ና።»

የስድስት ወር ስቴትመንት አስወጣሁ። ከኢሻ በኋላ እስክሪብቶ ይዤ መስመር በመስመር ወረድኩበት። ሦስት ነገር አገኘሁ።

አንደኛ፣ የደንበኛዬ 2,000 ብር ጭራሽ አልገባም። ሳልቆጥር የላክሁት እኔ ነኝ። ስለዚህ 1,850ው ብር እውነተኛ ዕዳዬ ነበር፤ ባንኩ እሱን መልሶ በመውሰዱ አልበደለኝም። ስናደድ የከረምኩት በ2,096 ብር ነበር፣ ልከራከርበት የሚገባኝ ግን 246 ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ ክፍያዎቹ በቀን በቀናቸው ተዘርዝረዋል።

ሦስተኛውን ባላየሁት ብዬ ነበር። ከአራት ወር በፊት ከማላውቀው ሰው 800 ብር ገብቶልኛል። ደንበኛዬ አይደለም፣ ዘመዴም አይደለም። ያኔ ሳላየው ከሥራ ብር ጋር ተደባልቆ ሄዷል። ነፍሴ ወዲያው ምን አለችኝ መሰላችሁ? «ባንኩ 246 በላህ፣ አንተ 800 አገኘህ፣ ዝም በል!»

መጋቢት 2016 የሆነውን ታስታውሳላችሁ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሲስተም ችግር ተፈጥሮ ብዙ ሰው፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የሱ ያልሆነ ብር ያወጣ ጊዜ ማለቴ ነው። ያኔ እኔ ሱቄ ቁጭ ብዬ «እንዴት የሰው ሐቅ ይነካል?» እያልኩ ስፈርድ ነበር። አሁን ተራው የኔ ሆነ። ሲስተም ሲሳሳትብኝ ሐቄ ነው፣ ሲሳሳትልኝ ሪዝቄ ነው የምል ከሆነ፣ የምከራከረው ለሐቅ ሳይሆን ለኪሴ ነው።

ስለዚህ ለቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ ጻፍኩ። ስድብ የለበትም፣ ልመናም የለበትም። ቀን፣ ሰዓት፣ የብር መጠን፣ የግብይት ቁጥር ብቻ። አራት ነገር ጠየቅሁ፦

▪️ ለዚህ አገልግሎት የተስማማሁበት ውል ቅጂ ይሰጠኝ።
▪️ ከወለድ ነፃ ከሆነ አካውንት ላይ የተቆረጠው 246 ብር ይመለስልኝ።
▪️ አገልግሎቱ ከአካውንቴ ላይ ይነሳልኝ።
▪️ በስህተት የገባልኝ 800 ብር ባለቤቱ ተጣርቶ ይመለስለት።

ብሔራዊ ባንክ በ2020 እ.ኤ.አ. የፋይናንስ ተጠቃሚዎች ጥበቃ መመሪያ እንዳወጣ፣ ባንኮችም ክፍያቸውን በግልጽ የማሳወቅና ቅሬታ የመቀበል ግዴታ እንዳለባቸው በአንድ መስመር ጠቀስኩ። ሁለት ቅጂ ይዤ ሄጄ አንዱ ላይ «ደርሶናል» ብለው እንዲፈርሙና ማህተም እንዲያደርጉ ጠየቅሁ። ሥራ አስኪያጁ መጀመሪያ ፊቱን አጨፍግጎ ነበር የሚያነበው። አራተኛው ነጥብ ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ አየኝ። «ይቀመጡ እስኪ» አለኝ።

ቶሎ አላለቀም። «ዋናው መሥሪያ ቤት ልከነዋል» አሉ። በየሳምንቱ ሰኞ እሄዳለሁ፣ ያነጋገርኩትን ሰውና ያለኝን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ። በሃያ ሦስተኛው ቀን ተደወለልኝ። «እስማማለሁ» የሚለውን መንካቴ ተመዝግቧል፤ ነገር ግን አገልግሎቱ መጀመሪያውኑ ከወለድ ነፃ አካውንት ጋር መገናኘት አልነበረበትም። 246 ብሩ ተመለሰ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። የ800 ብሩ ባለቤትም ተገኘ። አንድ ቁጥር ተሳስቶ የላከ ሰው ነው፣ ሲያፈላልገው ከርሟል አሉኝ። ለካስ እኔ ለሐቄ ስባዝን የሌላው ሰው ሐቅ እኔው ዘንድ ተቀምጦ ነበር።

በተመለሰው ብር ላይ ጨምሬ የቀረውን የእናቴን መድኃኒት ገዛሁ። እሷም «ተውለት ብዬህ ነበር እኮ» ብላ ሳቀች።

ወንድሞችና እህቶች፣ ሶብር ማለት ሐቅን መተው ብቻ አይደለም። በየሰኞው ሳይሳደቡ መመላለስም ሶብር ነው። ስለዚህ፦

▪️ አፕ ሲታደስ «እስማማለሁ» ከማለታችሁ በፊት ስለ ብድርና ኦቨርድራፍት የሚለውን ፈልጋችሁ አንብቡ።
▪️ «ላክሁልህ» ሲሏችሁ ቀሪ ሒሳባችሁን ሳታዩ አትንቀሳቀሱ።
▪️ በየወሩ ስቴትመንታችሁን እዩ። የወጣውን ብቻ ሳይሆን የገባውንም።
▪️ ቅሬታችሁን በጽሑፍ አድርጉ፣ የተፈረመበት ቅጂ ያዙ። ባንኩ መልስ ከነፈጋችሁ ለብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል።
▪️ ማንበብ ለሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች ስልካቸውን ተቀብላችሁ አንድ ጊዜ እዩላቸው። እኔ የእናቴን አየሁ፤ ያው አገልግሎት እሷም ላይ ተከፍቶ ነበር።

አላህ ሐላሉን የሚያብቃቃን፣ የሰው ሐቅ ከመንካትም ሐቃችን ከመነካትም የሚጠብቀን ያድርገን። አሚን።

ለሌሎችም እንዲደርስ ሼር አድርጉት።