የአማና ሸክላ

ይህን የምንጽፈው ሁለት እህትማማቾች ነን። ካርቱም፣ ደይም ውስጥ ለአሥራ ሦስት ዓመት በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና ጤፍ ሸጠናል። ከሁለታችን አንዷ የንግድ ሥራ ዲፕሎማ አላትና መዝገቡን እሷ ትይዛለች፤ ሌላዋ ደንበኛውን ትይዛለች። ስንናገር ግን ሁሌም «እኛ» ነው የምንለው። ንግዳችንን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሸክላ እንደምንሰበስብ ግን የምታውቁ ጥቂት ናችሁ። የዛሬው ወሬያችን እሱ ነው፤ መጨረሻው ላይ ከናንተ የምንፈልገው ነገርም አለ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍነው።

የጀመርነው በዕዳ ነው። ደይም ውስጥ ቡና ቤት የነበራት አንዲት እህታችን የሦስት ወር የቡናና የበርበሬ ሒሳብ ነበረባት። ወደ ካናዳ ልትሄድ ስትል ገንዘቡ ስላልሞላላት አንድ ካርቶን አሮጌ ሸክላ አምጥታ «ይሄን ያዙልኝ፤ ከከፈልኩ እወስደዋለሁ፣ ካልከፈልኩ የናንተ ነው» አለችን። አልከፈለችም። እኛም ተናደን ካርቶኑን ከጤፍ ጆንያ ጀርባ ወረወርነው።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቡና ሊገዛ የገባ አንድ ፈረንጅ ካርቶኑን አየው። ትንንሾቹን ሸክላዎች አንድ በአንድ እያወጣ በስስት ተመለከታቸው። አምስቱን በሁለት ኪሎ ቡና ዋጋ ሸጥንለትና ያን ቀን በሰውዬው ሞኝነት ስንስቅ አመሸን። በኋላ የእህታችን ልጅ በስልኩ እያሳየ ከነዚያ አምስቱ አንዱ ብቻ በብዙ መቶ ዶላር እንደሚሸጥ ነገረን። ሳቁ ወደኛ ዞረ። የያዙትን ዕቃ ዋጋ ሳያውቁ አለመሸጥ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት ነበር፤ ዲፕሎማ ያላት እህት እስከ ዛሬ ትቆጫለች።

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ጀመርን። ስንጠይቅ ያገኘነው ታሪክ የነጋዴ ታሪክ ሆነ። በንጉሡ ዘመን፣ ከ1948 ጀምሮ፣ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1969 ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት አምሃ እሸቴ ይህን ደፍሮ የራሱን ሸክላ አሳተመ። ዘፋኙ ዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ሸክላውም ሕንድ ታትሞ መጣ። አምሃ በ1975 ከአገር እስኪወጣ ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና ወደ አሥራ ሁለት የሚሆኑ ትልልቆቹን አወጣ። ዓሊ ታንጎ የሚባለው ዓሊ አብደላ ካይፋም የማሕሙድ አሕመድን «እሬ መላ መላ» በ1975 ያሳተመ ነጋዴ ነው። ከዚያ ካሴት መጣና በ1970ዎቹ መጨረሻ ሸክላው ቀረ። የቀረው ጥቂት ስለሆነ ነው ዋጋው እንዲህ የናረው።

እኛ ታዲያ በመቶ ዶላር ሸክላ የምንገዛ ሰዎች አይደለንም። ያወጣን ዳግም ኅትመቱ ነው። «እሬ መላ መላ» በ1986 ቤልጂየም ውስጥ እንደገና ታተመ። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም የዚያን ዘመን ሙዚቃ በተከታታይ ማውጣት ያዘ። የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ የ1977ቱ «ቸበለው» በ2014 እንደገና ወጣ። ኃይሉ በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ ነበር። ወንድማችን ከአውሮፓ፣ ደንበኞቻችን ከዱባይ በሻንጣ ያመጡልን ነበር።

አንድ ጊዜ ድንበር ላይ ጉምሩክ «ካርቶኑ ውስጥ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀን። «ሸክላ ነው» አልን። ልጁ ቅጹ ላይ «የሸክላ ዕቃ» ብሎ ጻፈና ጀበናውንና ድስቱን ፍለጋ ካርቶኑን ገለበጠው። ግማሽ ሰዓት አስረዳነው። መጨረሻ ላይ «ታዲያ ይሄ ምን ይቀቀልበታል?» ብሎ አሳቀን።

ለጀማሪ የምንነግረው ጥቂት ነው። ዳግም ኅትመት ብዙ ጊዜ ወፍራምና ከባድ ነው፤ የድሮው ይቀላል፣ መሐሉ ላይ ያለው ወረቀትም ደብዝዟል። ዘፈኑ ካለቀበት መስመር ወዲህ ያለውን ባዶ ቦታ በብርሃን ብታዩት የተፋቀ ቁጥር አለ፤ ኅትመቱ የሚለየው በዚያ ነው። የካርቱም ሙቀት ሸክላ ያጣምማል። ስለዚህ ደራርባችሁ አታስተኙት፤ እንደ መጽሐፍ አቁሙት፣ ፀሐይ ከሚመታው ግድግዳም አርቁት። ሀቡብ ከነፈሰ በኋላ አቧራውን ሳትጠርጉ መርፌ አታስቀምጡበት።

አንድ ቀን የእህታችን ልጅ ከአምስተርዳም ያልጠበቅነው ነገር ላከልን። «ዘ ኤክስ» የሚባሉ፣ በ1979 የተቋቋሙ የሆላንድ ፓንኮች ናቸው። ፓንክ ማለት ጊታሩ የሚጮኽ፣ ከበሮው የሚሮጥ፣ ማንንም ደስ ለማሰኘት የማይለማመጥ ሙዚቃ ነው። እነዚህ ሰዎች የሳክስፎኒስቱን የጌታቸው መኩሪያን የድሮ ሥራ በዳግም ኅትመት ሰምተው ፈለጉት፤ በ2006 «ሞዓ አንበሳ» የሚለውን አልበም አብረው አወጡ። ጌታቸው ሽለላን በሳክስፎን የሚጫወት ሰው ነበር። መጀመሪያ ስንሰማው ሱቁን ዘጋን፤ ደንበኛ ጠብ ያለ ይመስለዋል ብለን ነው። ሁለተኛ ስንሰማው የሚያቅራራ አጎታችንን አስታወሰን። ሽለላና ፓንክ ሩቅ አይደሉም።

ይህን ሙዚቃ ከኛ ጋር እስከ መጨረሻው የሰሙ አንድ ሰው ብቻ ናቸው፤ ጎረቤታችን ኡስታዝ። ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ ናቸው። ማታ ማታ ሻያቸውን ይዘው ይመጡና አንድ ከኛ፣ አንድ ከሳቸው እያፈራረቅን እንሰማለን። የሱዳንና የኛ ሙዚቃ አምስት ድምፅ ስለሚጋራ አንዱ ሲያልቅ ሌላው የጀመረ እስኪመስል ይገጥማል። የመሐመድ ወርዲ ሸክላ ሲደርስ ኡስታዝ አይናገሩም። ወርዲ ከ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ተሰድዶ በ1994 አዲስ አበባ ላይ ሲዘፍን የተቀዳው ኮንሰርት በአልበም እንደ ወጣ ስንነግራቸው፣ ዓይናቸውን ጠርገው «እናንተ ጋ ሲዘፍን እኛ በሹክሹክታ እንሰማው ነበር» አሉን። ከወርዲ ሸክላዎቻቸው በአንዱ፣ መሐል ባለው ወረቀት ላይ፣ ያረፉት ባለቤታቸው ሐጃ ስማቸውን በቀይ ብዕር ጽፈውበታል። ሐጃ ሸክላውን ወደ ሠርግ ሲያውሱ እንዳይጠፋ ነው።

በ2023 የካቲት ላይ ኡስታዝ ለዓይን ሕክምና ወደ ካይሮ ሄዱ። ቤታቸው ጣሪያው ይጠገን ስለነበር 31 ሸክላዎቻቸውን «አማና» ብለው እኛ ጋ አስቀመጡ። ዝርዝሩን በእጃቸው ጻፉ፤ እኛም ፈረምን።

ሚያዝያ 15 ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ በረመዳን፣ ጦርነቱ ተጀመረ። አሥራ አንድ ቀን ከሱቁ ጀርባ ወለል ላይ ተኛን። ገዳሪፍ የሚሄድ አውቶቡስ ስናገኝ ሹፌሩ «ለአንድ ሰው አንድ ሻንጣ» አለ። እዚህ ላይ የሠራነውን ሳንሸፍን እንናገራለን። የራሳችንን ስምንት የአምሃ ትንንሽ ሸክላዎች በነጠላ ጠቅልለን ወሰድን። የኡስታዝን ካርቶን ተውነው። ከባድ ነበር፤ ትልልቆቹም ከሻንጣው አይገቡም። እውነቱ ግን የኛዎቹ ገንዘብ ያወጣሉ ብለን ነው። አወጡም። መተማን አልፈን ጎንደር ስንደርስ ስድስቱን ሸጥንና የቤት ኪራይ ከፈልንበት፤ የዛሬው ትንሽ ሱቃችንም የተነሣው በዚያው ነው።

በ2025 መጋቢት ካርቱም ወደ ጦር ሠራዊቱ እጅ ከተመለሰች በኋላ የጎረቤት ልጅ ደይም ገብቶ ፎቶ ላከልን። ሚዛኑ የለም፣ ፍሪጁ የለም፣ ማጫወቻው የለም። ካርቶኑ አለ። ዘራፊዎች ሸክላ አልፈለጉም። ጣሪያው ተበስቶ ግን የሁለት ክረምት ዝናብ ገብቶበታል። ሽፋኖቹ ተጣብቀዋል፣ ሸክላዎቹ እንደ ደረቀ እንጀራ ጠርዛቸው ተጠቅልሏል። የሐጃ ስም ያለበት ለሁለት ተሰብሯል።

ያን ሌሊት አልተኛንም። ጠዋት መዝገብ አወጣንና «የኡስታዝ ዕዳ፣ 31 ሸክላ» ብለን ጻፍን። በዓይነት ልንተካ ነው። የሸርሐቢል አሕመድን በ2020 እንደገና የታተመ ሥራ አገኘን። በ2018 የወጣውን «ቱ ናይልስ ቱ ሲንግ ኤ ሜሎዲ» የሚለውን የሱዳን ስብስብም ገዛን፤ ወርዲም ዘይዳን ኢብራሂምም አሉበት። አሳታሚዎቹ ንጹሕ ቅጂ ፍለጋ ኢትዮጵያም፣ ጅቡቲም፣ ግብፅም እንደ ዞሩ ሰማን። ይህ ያጽናናን ነበር፤ ሱዳን የጠፋባት ዕቃ ድንበር ተሻግሮ እኛ ዘንድ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው።

ስድስት ስንሞላ ለኡስታዝ ካይሮ ደወልን። ሁሉንም ነገርናቸው፤ የራሳችንን ወስደን የሳቸውን መተዋችንንም ጭምር። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ «የሐጃ ጽሑፍ ይታያል?» ብለው ጠየቁ። «ይታያል፣ ቀለሙ አልለቀቀም» አልን። «እንግዲያው በናቲ፣ አዲሶቹን እናንተ ስሙዋቸው፤ እኔ ጋ የተሰበረውን ላኩልኝ» አሉን።

ሒሳባችን የተሳሳተው የት ላይ እንደሆነ ያኔ ገባን። ጤፍ የተበደረ በጤፍ ይመልሳል፤ የትኛው ማሳ እንዳበቀለው የሚጠይቅ የለም። አማና ግን ራሱ ዕቃው ነው የሚመለሰው፣ ቢሰበርም። ዳግም ኅትመት ዘፈኑን መልሶልናል፤ በሙሉ ልባችን እናመሰግነዋለን፣ እንገዛዋለንም። ቀዩን ብዕር ግን ማንም አያትመውም።

ስለዚህ ወገኖቻችን፣ ከካርቱም ወደ ፖርት ሱዳን ወይም ወደ ካይሮ የምትመላለሱ ካላችሁ፣ ሁለት ቁራጭ ሸክላ የሚይዝልን ሰው እንፈልጋለን። ክብደቱ ከግማሽ ኪሎ አይበልጥም። በሁለት ጠንካራ ካርቶን መሐል በጨርቅ ይጠቀለል፤ የጭነቱን እንከፍላለን። የጎረቤት ልጅ ደይም ሆኖ እየጠበቀ ነው። እስከዚያ ድረስ በመዝገባችን ላይ ከ31ዱ አንዱን እንኳ አልሰረዝንም።