ባለ አንድ ሜትሩ በር

አንባቢ ሆይ፤ ድሬዳዋ ወርደህ እንደ ሆነ ከዚራን ሳታይ አልተመለስህም። በሰፈሩ ቀጥ ቀጥ ያሉ መንገዶች ዳርና ዳር የቆሙት ትልልቅ ዛፎች የቀኑን ሙቀት ከራስህ ላይ ያነሡልሃል። ከጥላው ስትወጣ አሮጌው የምድር ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ይቀበልሃል። ዛሬ ከአዲስ አበባ የሚመጣው አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማው ወጣ ብሎ በተሠራ ሌላ ጣቢያ ስለሆነ፣ ወደ አሮጌው የሚሄደው እንግዳ ብዙውን ጊዜ ፎቶግራፍ ሊነሣ ነው። እኔ ግን ባለፈው የክረምት ዕረፍት የሄድሁት አንዲት ተማሪ የጠየቀችኝን ጥያቄ ይዤ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ወረራ ሳስተምር፣ ታላላቆቹ መንግሥታት የጦር መሣሪያ ለኢጣልያም ለኢትዮጵያም እንዳይሸጥ መከልከላቸውን ለተማሪዎቼ ነገርኋቸው። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አንሥታ፣ «መምህር፣ ለሁለቱም ከተከለከለማ እኩል አይደለም እንዴ? ታዲያ ለምን ተበደልን እንላለን?» አለችኝ። መልሱ በልቤ ነበረ፤ ከአፌ ግን አልወጣም። ደወሉ ተደወለና ከጭንቅ አወጣኝ።

እንግዲህ ከጣቢያው ደርሼ ጎንበስ ብዬ የሐዲዱን ስፋት በጫማዬ ስለካ፣ ከአጥሩ ሥር በጥላ የተቀመጡ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ አዩኝና ሳቁ። «አንድ ሜትር ናት ልጄ፤ አትድከም» አሉኝ። አጠገባቸው ተቀመጥሁ።

«አባባ፣ በእርስዎ ጊዜ በዚህ መንገድ ምን ምን ያልፍ ነበር?»

«የማያልፍ ምን አለ! ቡናና ቆዳ ይወርዳል፤ ጨርቁ፣ ስኳሩ፣ ማሽኑ ይወጣል። ነገር ግን ጅቡቲ ላይ አንዲት ወረቀት ከጎደለች ፉርጎው እዚያው ይቀራል፤ እኛም እዚህ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን።»

የልጅቱ መልስ ግማሹ በዚህ የሽማግሌው ንግግር ውስጥ ነበረ። ይህ ሐዲድ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ ተራራ ላይ የተቀመጠችውን ሐረርን ለመውጣት ስላዳገተ ከተማዪቱ ከሐዲዱ ጋር በሜዳው ላይ ተቈረቈረች። አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ሲሆን ጠቅላላ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ1928 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የራሷ የምትለው አንድም ወደብ አልነበራትም። ኤርትራና ደቡቡ ሶማልያ በኢጣልያ፣ ሱዳን፣ ኬንያና ሰሜኑ ሶማልያ በእንግሊዝ፣ ጅቡቲ በፈረንሳይ እጅ ነበሩ። ከባሕር ማዶ የተገዛ አንድ ሣጥን ጥይት ወደ አገራችን ለመግባት የሌላ መንግሥት የጉምሩክ ሹም «ይለፍ» ማለት ነበረበት። ዋናው በራችንም ይህ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ሐዲድ ነበር።

በሩን በወረቀት መቈጣጠር የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። በ1882 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ የተፈረመው ውል በአፍሪካ ሰፊ ክፍል የጦር መሣሪያ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። የውሉ ዋና ዓላማ የባሪያ ንግድን ማጥፋት ነበር፤ ዓላማው መልካም ነው። ኢትዮጵያም በ1916 ዓ.ም. የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ስለ ጦር መሣሪያ የወጣውን ደንብ እንድታከብር ግዴታ ገብታለች። ከዚያም በነሐሴ 1922 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ አንድ የተለየ ውል ተፈረመ። በእርሱም የኢትዮጵያ መንግሥት ለመከላከያውና ለጸጥታው የሚያስፈልገውን መሣሪያ በሕጋዊ መንገድ ማስገባት እንዲችል፣ ሕገ ወጡ ንግድ ግን እንዲታገድ ተስማሙ። የፈረሙት አራት መንግሥታት ኢትዮጵያ፣ እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣልያ ነበሩ። አዎን፣ ኢጣልያም ፈርማለች።

አምስት ዓመት ሳይሞላ ኢጣልያ ጦሯን በምጽዋና በሞቃዲሾ ስታራግፍ፣ በሐምሌ 1927 ዓ.ም. እንግሊዝ ለሁለቱም አገሮች የጦር መሣሪያ መላኪያ ፈቃድ አልሰጥም አለች፤ ፈረንሳይም በሯን ዘጋች። አሜሪካም በመስከረም 1928 ዓ.ም. በአዲሱ የገለልተኝነት ሕጓ መሠረት ለሁለቱም እንዳይሸጥ አወጀች። በመንግሥት ጽሕፈት ቤት የምትሠራ አንባቢዬ ሆይ፤ ይህን ልብ በል። ለዚህ ሥራ አንድ ጥይት አልተተኰሰም። አንድ ጸሐፊ ማመልከቻውን ወደ መሳቢያው መለሰው፤ አንድ ሹም ሳይፈርም ቀረ፤ ይኸው ነው።

በዚያን ጊዜ የኢጣልያ ጠመንጃ፣ መድፍ፣ ታንክና አውሮፕላን በገዛ አገሯ ፋብሪካ ይሠራ ነበር። የቱሪኖና የጄኖቫ ፋብሪካዎች የሎንዶንን ፈቃድ አይጠብቁም። የእኛ አርበኛ ግን ለያዘው ጠመንጃ የሚሆነውን ጥይት እንኳ ከውጭ መጠበቅ ነበረበት።

ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ጄኔቭ የተሰበሰቡት መንግሥታት ክልከላው ለኢትዮጵያ እንዲነሣ፣ ለኢጣልያ ግን እንዲጸና ወሰኑ። በኅዳርም በኢጣልያ ላይ የንግድ ማዕቀብ ተጣለ። ነገር ግን የጦር መኪናውን የሚያንቀሳቅሰው ነዳጅ ከተከለከለው ዕቃ ዝርዝር አልገባም፤ የስዌዝ ቦይም ለኢጣልያ መርከቦች አልተዘጋም። ለእኛ በሩ ተከፈተ ሲባል ደግሞ ወራቱ አልፈዋል፤ መሣሪያ በአንድ ቀን ታዝዞ በማግሥቱ አይደርስም።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በዚህ ጣቢያ በኩል አልፈው ወደ ጅቡቲ ወረዱ። ለጥይት የጠበበው ሐዲድ ለስደት አልጠበበም። በሐምሌ ወር ማዕቀቡ ራሱ ተነሣ።

አንባቢ ሆይ፤ ይህን ስነግርህ የጦር መሣሪያ ንግድ ያለ ልጓም ይለቀቅ ማለቴ አይደለም። በድንበር በኩል በስውር የገባ ጠመንጃ በገበያና በመንደር ምን እንደሚያደርስ ለአንተ መንገር አያሻም። በተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ በ2005 ዓ.ም. ጸድቆ በ2007 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የጦር መሣሪያ ንግድ ውል ሻጩን መንግሥት አስቀድሞ እንዲመረምር ያስገድደዋል፤ መሣሪያው ለዘር ማጥፋት ወይም በሰላማዊ ሰዎች ላይ ለሚፈጸም ግፍ እንደሚውል እያወቀ እንዳይሸጥ ይከለክለዋል። ይህ ትክክለኛ ሐሳብ ነው። ነገር ግን ክልከላ ሲታወጅ «ለሁለቱም ነው» የሚለው ቃል ብቻ ሊያሳርፈን አይገባም። በሩ የተዘጋው መቼ ነው? ሲዘጋ በማን ጓዳ ምን ነበረ? ብለን መጠየቅ አለብን። በኢትዮጵያና በኤርትራ ጦርነት ጊዜም የጸጥታው ምክር ቤት ለሁለቱም መሣሪያ እንዳይሸጥ የወሰነው በግንቦት 1992 ዓ.ም. ነው፤ ጦርነቱ ከተጀመረ 2 ዓመት ካለፈ፣ ሁለቱም ጓዳቸውን ከሞሉ በኋላ።

ሽማግሌውን ተሰናብቼ ስመለስ፣ በአንድ የመንደር ቦኖ ፊት ሴቶች ጀሪካናቸውን አሰልፈው ወረፋ ሲጠብቁ አየሁ። የቀረው የመልሱ ግማሽ እዚያ ቆሞ ጠበቀኝ። ሁለት ጎረቤታሞች ተጣሉ እንበል። አንደኛው በግቢው ጉድጓድ አለው፤ ሌላው ከቦኖ ቀድቶ አዳሪ ነው። ዳኛው ለማንም ላለማድላት ብሎ «ከዛሬ ጀምሮ ቦኖው ለሁለቱም ዝግ ነው» ቢል፣ ቃሉ እኩል ነው፤ ጥሙ ግን የአንዱ ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ለዚያች ልጅ የምነግራት ይህን ነው። እርሷም ሌላ ጥያቄ ሳትጨምርበት አትቀርም፤ «መምህር፣ ጉድጓድ ያለው ጎረቤት ዳኛውን ባይሰማስ?» ትለኝ ይሆናል። በዚህ ጊዜ ግን ደወሉን አልጠብቅም።