«ማሽኑ ነው» ያልኩት

ጥፋቱ የእኔ ነበር። «ማሽኑ ተሳስቶ ነው» ያልኩትም እኔው ነኝ። ሁለቱን ለይቼ ልናዘዝ፤ ሁለተኛው ይብሳልና።

በብቸናና በሞጣ ገበያ ለሚሸጡና ለሚገዙ ሰዎች የጤፍ ዋጋ የሚነግር የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኤጀንት ሠርቼ ነበር። ሰው በአማርኛ ይጠይቀዋል፤ ኤጀንቱ እኔ ያዘጋጀሁለትን መሣሪያ ጠርቶ ከመዝገብ ዋጋ ያወጣል። እንዲህ ያለ ኤጀንት የመሣሪያውን ኮድ አያይም። የሚያየው ስሙን፣ መግለጫውንና የሚቀበላቸውን ግብዓቶች ነው። አንትሮፒክ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ኤምሲፒ የተባለው የኤጀንትና የመሣሪያ ግንኙነት ደንብም ይህን አይለውጠውም፤ ኤጀንቱን የሚያንቀሳቅሰው ሞዴል የሚመርጠው ባነበበው ልክ ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ ለሌሎችም አስረዳ ነበር።

የጻፍኩት መግለጫ ግን ይኸው ነው፦ «የጤፍ ዋጋ ያወጣል። ገበያ፣ ቀን፣ ዓይነት (1–4)።»

1 ሠርገኛ፣ 2 ቀይ፣ 3 ነጭ፣ 4 ማኛ። ቅደም ተከተሉ መዝገቡ ሲሞላ እንደመጣ የተቀመጠ ነው፤ ትርጉሙም ከእኔ ጭንቅላት በቀር የትም አልተጻፈም። ኤጀንቱ ስለ ማኛ ሲጠየቅ 1 ብሎ ላከ። ምን ያድርግ? አንደኛ ጤፍ ሲባል ማኛ የማይመጣበት ሰው አለ እንዴ? መሣሪያዬ ደግሞ የመለሰለት ባዶ ቁጥር ነው፤ የየትኛው ጤፍ ዋጋ እንደሆነ አይናገርም። የሠርገኛው ዋጋ «የዛሬ ማኛ» ተብሎ፣ ባማረ አማርኛ፣ ያለ አንዳች ማመንታት ወጣ።

አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር ገዢ ጠዋት ግዢ የከፈቱት በዚያ ዋጋ ነበር። ገበሬ ጤፉን ያውቃል፤ ብዙው ሰው አህያውን እየነዳ ወደ ነጋዴው ዞረ። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበት፣ ታማሚ ይዞ የመጣ ግን ሸጠ። አንድ አዛውንት «ማነው የገመተው?» ብለው አጥብቀው ጠይቀው ነበር አሉ። ግምት በዚያ አገር ቀላል ነገር አይደለም። በ1960 ዓ.ም. ብቸናና ሞጣ በግብርና ገቢ ግብር ላይ ሲያምፁ፣ ዛሬ ምርት የሚገምተው ነገ መሬት ይለካል፣ ርስትም ይሄዳል የሚል ጥርጣሬ ነበራቸው። አመፁ የጦር አውሮፕላን እስከ ማስላክ፣ የጠቅላይ ግዛቱን ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴንም ከሥልጣን እስከ ማስነሣት ደርሷል። የዚያ ዘመን ገማች ግን ቢያንስ የሚጠየቅ ፊት ነበረው።

ገዢው ሲደውሉልኝ ገና መዝገቡን ሳልከፍት «ማሽኑ ተሳስቶ ነው ጋሼ» አልኳቸው። «እንግዲህ ማሽን ከሆነ ምን ይደረጋል» ብለው ዘጉ።

ከዚያ በኋላም ወዲያው አልታረምኩም። ለኤጀንቱ «ተጠንቀቅ»፣ «ዓይነቱን በትክክል ምረጥ»፣ «እጅግ አስፈላጊ ነው» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረደርኩበት። የ1ን ትርጉም ላልነገሩት፣ በትክክል ምረጥ ማለት ምንድን ነው? ስህተቱ ቀጠለ፤ እኔም ሞዴሉን መርገም ቀጠልኩ።

በመጨረሻ መግለጫውን፣ ጤፍ አይቶ ለማያውቅ፣ ጎጃምን ላልረገጠ ሰው እንደምጽፍ አድርጌ እንደገና ጻፍኩት፦

«በአንድ የገበያ ቀን የተመዘገበ የጤፍ ዋጋ ይመልሳል፤ በብር፣ ለአንድ ኩንታል (100 ኪሎ)። ዓይነት፦ ማኛ፣ ነጭ፣ ሠርገኛ ወይም ቀይ፤ በስሙ ይጻፍ። ጠያቂው ዓይነቱን ካልነገረህ ጠይቀው፤ አትገምት። ገበያ የከተማ ስም ነው እንጂ የወረዳ አይደለም፤ እነማይ ሳይሆን ብቸና፣ ሁለት እጁ እነሴ ሳይሆን ሞጣ። ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ወሩ በስሙ። በዚያ ቀን የተመዘገበ ዋጋ ከሌለ ‹የለም› ይላል፤ የሌላ ቀን ዋጋ አይሰጥም። ዋጋ ለመመዝገብ ይህን አትጠቀም።»

ረዘመ፤ ይርዘም። የወሩን ነገር የጨመርኩት 12/4/2017ን እኛ ታኅሣሥ 12 ስንለው፣ ሌላው ዓለም ከብዙ ዓመት በፊት ያለፈ ኤፕሪል ወይም ዲሴምበር ሊያደርገው እንደሚችል ዘግይቶ ስለገባኝ ነው። መሣሪያውም አሁን ዋጋውን ብቻ ሳይሆን ዓይነቱን፣ ገበያውንና ቀኑን አብሮ ይመልሳል፤ ኤጀንቱ ከተሳሳተ እዚያው ያየዋል።

በደረሰኝ የታወቁት ሻጮች የዋጋውን ልዩነት ከእኔ ኪስ ተቀብለዋል። ስማቸው ሳይጻፍ የሸጡትን ግን አላገኘናቸውም። ለገዢው እውነቱን የነገርኳቸው ገንዘቡን ይዤ የሄድኩ ዕለት ነው። ቆጥረው ተረከቡና «ያን ጊዜ ምነው ዝም አልክ?» አሉኝ። «እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ማሽን ነው ብዬ ምያለሁ።»