ከባለቤቱ ያወቀ

የዛሬው ረዘም ይላል። ጊዜ ያለው ቡናውን ይዞ ያንብብ፣ የቸኮለ ላይክ አድርጎ ይለፍ፤ አልቀየምም።

ቅዳሜ ከሰዓት ከተማሪዎች ጋር የምጫወተውን «ያንን የዘንዶ ጨዋታ» ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ለማያውቅ፦ ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ይባላል። አንዱ አጫዋች ሆኖ ታሪኩን ይተርካል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እኔ እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። ይሳካ አይሳካ የሚወስነው ባለ 20 ፊት ዳይስ ነው። አያቶቻችን «ተረት ተረት» ሲሉን «የላም በረት» ብለን ዝም ከማለት ይልቅ፣ ታሪኩ ውስጥ ገብተን ከጅቡ ጋር ራሳችን ብንከራከር እንደማለት ነው።

ጨዋታውን በ1974 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ አሜሪካውያን ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሕጉ በየጊዜው ይታደሳል፣ በታደሰ ቁጥርም ጠብ አለ። በ2008 እ.ኤ.አ. አራተኛው እትም ሲወጣ ብዙ ሰው «ይሄ የኛ ጨዋታ አይደለም» ብሎ አኮረፈ። በዓመቱ ፓዝፋይንደር የሚባል፣ የድሮውን ሕግ መሠረት ያደረገ ሌላ ጨዋታ ሲታተም ደግሞ ጓዙን ጠቅልሎ ወደዚያ የሄደው ብዙ ነው። እኔ ይሄን ሳነብ እስቅ ነበር። «ለጨዋታ ነው እንዴ ሰው እንዲህ የሚጣላው?» ነበር የምለው። የሰው ቁስል አያምማ!

እኛ በ2014 ዓ.ም. ስንጀምር መጽሐፍ የለን፣ ዳይስ የለን። ኩባንያው በነጻ የለቀቀውን የሕጉን ዋና ዋና ክፍል ስልኬ ላይ አወረድኩና፣ ማታ ማታ ፈተና አርሜ ስጨርስ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ደብተር ላይ ጻፍኩት። በዳይስ ፋንታ ከ1 እስከ 20 የተጻፈባቸው ዕጣዎች ጣሳ ውስጥ ከተን እናወጣ ነበር። ያ ደብተር አሁን ጠርዙ ተበልቷል፣ ሻይ ፈሶበታል፣ ግን አለ።

ከዚያ መስከረም 2017 ላይ አዲሱ መጽሐፍ መጣ። ኩባንያው «አዲስ እትም አይደለም፣ ከድሮው ጋር አብሮ ይሄዳል» ይላል። ዝርዝሩን ስታዩት ግን ያልተነካ ነገር ትንሽ ነው። ገና ሳይወጣ፣ በኢንተርኔት መጫወቻቸው ላይ የሰዎችን የድሮ ድግምቶች በአዲሶቹ ሊተኳቸው ነበር፤ ተጫዋቹ ሲጮህባቸው በቀናት ውስጥ ሐሳባቸውን ቀየሩ። ዋጋውን ደግሞ አታንሱት። ሦስቱ ዋና መጻሕፍት አንድ ላይ 150 ዶላር ገደማ ናቸው። በብር እናንተው አስሉት፤ እኔ ደሞዜን ስለማውቀው አላሰላሁም።

ተናደድኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ያናደደኝ ዋጋው አልነበረም። አስተማሪ የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፦ ሥርዓተ ትምህርት ይቀየራል፣ ስንት ዓመት ያዘጋጀኸው ኖት አንድ ቀን ጠዋት ተነስተህ ስታየው «የድሮው» ይባላል። ደብተሬም «የድሮው» ሊባል ነው ብዬ ነው።

ባለፈው ክረምት የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ ከዩኒቨርሲቲ ለእረፍት መጡና ተሰበሰብን። አንዷ አጎቷ ከአሜሪካ ያመጣላትን አዲሱን መጽሐፍ ይዛ መጣች። ይቺ ልጅ ዘጠነኛ ክፍል እያለች እጅ አውጥታ የማታውቅ፣ ስሟ ሲጠራ እንኳ «አቤት» የምትለው በሹክሹክታ ነበር።

ጠቡ ወዲያው ተጀመረ። ፓላዲን የሚባለውን፣ በመሐላው የሚዋጋውን ገጸ ባሕርይ የያዘው ልጅ ፊቱ ጠቆረ። በድሮው ሕግ ሰይፉ ባረፈ ቁጥር መለኮታዊ ምቱን መጨመር ይችል ነበር፤ በአዲሱ በአንድ ተራ አንዴ ብቻ ነው። «ሦስት ዓመት ያሳደግኩትን ሰውዬ እጁን ቆረጡት!» አለ። እሷ ደግሞ ተዋጊ ናት፤ አዲሱ ሕግ በጦር መጥረቢያዋ የመታችውን ጠላት የመጣል ዕድል ሰጥቷታል። «ታዲያ እኔ እስከዛሬ ቆሜ ሳጨበጭብልህ አልነበር?» አለችው። እኔ ሽማግሌ መሆን ሲገባኝ ከልጁ ጋር ወገንኩ። ኩባንያውን ረገምኩ፣ ደብተሬን እያነሳሁ «ይሄ ምን ጎደለው?» አልኩ።

«እስቲ እናስተያየው» አለችና የድሮውን ሕግ ስልኳ ላይ ከፈተች። ደብተሩን ተቀብላ ታነባለች፣ ስልኳን ታያለች፣ መጽሐፉን ታያለች። ከዚያ ቀስ ብላ፦

«ቲቸር፣ ሌሊት ተኝቶ የተነሳ ሰው በድሮውም ሕግ ሙሉ በሙሉ ይድናል እኮ። ግማሽ ብቻ የሚመለሰው ሌላ ነገር ነው፤ ቀን ላይ ለመዳኛ የምንጥላቸው ዳይሶች ናቸው። እርስዎ ሁለቱን ቀላቅለዋቸዋል።»

አየሁት። ልክ ናት። እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ ባዩ እኔ፣ ሌሊት እንቅልፍ እየጣለኝ ሁለት መስመር አደባልቄ፣ ልጆቹን ሦስት ዓመት ሙሉ ቁስለኛ አድርጌ አጫውቻቸዋለሁ! ላብ አጠመቀኝ።

መጀመሪያ የሳቀው ፓላዲኑ ነው። «ለዚህ ነዋ ሁሌ የምንሸሸው!» አለ። ሁሉም ሳቁ። ከዚያ ደግሞ ማስታወስ ጀመሩ። ድልድዩን የሚጠብቀው ግዙፍ ጋ ስንደርስ ሁሉም ግማሽ ሰው ሆኖ፣ መዋጋት የሚችል ጠፍቶ ነበር። ያን ቀን «እኔ ላናግረው» ያለችው ይቺው ዝምተኛ ልጅ ናት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ አናግራ አሳለፈችን። ድምፅዋን መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። በትክክለኛው ሕግ ቢሆን ኖሮ ተኝተው፣ ድነው፣ ግዙፉን ገድለው ያልፉ ነበር።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። የዚህ ጨዋታ ባለቤቱ ግን ማን ነው? ኩባንያው መጽሐፉን ይሸጣል፣ ያድሳል፤ መብቱ ነው። እኛ «ሕጋችንን ነኩብን» ብለን ስንጮህለት የነበረው የድሮው እትም ግን ከመጀመሪያውም ጠረጴዛችን ላይ አልነበረም። ገበጣ እንኳ ካገር አገር ሕጉ ይለያያል። ኮንከር ስንጫወት «በናንተ ሰፈር እንዴት ነው?» ብለን አይደል ካርታ የምናድለው?

ይሄን ስል ንዴቱ ሙሉ በሙሉ ለቀቀኝ ማለቴ አይደለም። ፓላዲኑ እስካሁን እንዳኮረፈ ነው፤ እውነቱን ነው፣ የለመደውን ነገር አጥቷል። አዲሶቹ የዘጠነኛ ክፍል ልጆች ደግሞ በነጻ የተለቀቀውን የአዲሱን ሕግ ክፍል አውርደው በሱ ጀምረዋል። ደብተሬን ሳሳያቸው እንደ ሙዚየም ዕቃ ነው ያገላበጡት። ትንሽ ከፋኝ፣ አልዋሽም።

ባለፈው ቅዳሜ አንዱ «ቲቸር፣ ካደርን ሙሉ እንድናለን አይደል?» አለኝ።

«እኛ ሰፈር ግማሽ ነው» አልኩት።

«ለምን?»

«ቁጭ በል ልንገርህ።»

የድሮዎቹ፣ ቅዳሜ ከተማ ውስጥ ያላችሁ ብቅ በሉ። ዳይስ አለን አሁን። ጣሳውም አለ።