አንድ «ክራሽ»፣ ብዙ ግሥ

«ክራሽ» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ግሥ የሚናገረው ስለ ኃይልና ስለ ውጤቱ ነው፤ መሣሪያውን አይጠቅስም። ድንጋይ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዐመፅ፣ ተስፋም ሳይቀር ለእርሱ አንድ ናቸው። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በድንገተኛ ፍቅር መያዝም በዚሁ ቃል ይጠራል። የአማርኛ ግሥ ግን ዕቃውን ወይም የልመቱን መጠን ይዞ ይመጣል። ቡና በሙቀጫ ይወቀጣል፤ ጤፍ በወፍጮ ይፈጫል፤ ባቄላ ይከካል፤ ስንዴ ለቅንጬ ይሸረከታል፤ ዐመፅ ይደመሰሳል፤ ቅስም ይሰበራል።

ልዩነቱ የሚከብደው የመድኃኒት ማሸጊያ ሲተረጎም ነው። ቀስ በቀስ እንዲሟሙ በተሠሩ ክኒኖች ላይ እንግሊዝኛው «ክራሽ» ማድረግን ይከለክላል። ትርጉሙ «አይወቀጥ» ከሆነ፣ መዋጥ የተሳናቸውን አባቷን የምታስታምም ልጅ ክኒኑን በሁለት ማንኪያ መካከል ትጨፈልቀዋለች፤ ሙቀጫ አልነካችምና ትእዛዝ የጣሰች አይመስላትም። ለ12 ሰዓት የተመደበው መድኃኒት ግን በአንድ ጊዜ ይለቀቃል፤ ሞርፊን ከሆነ ትንፋሽን እስከ ማቆም ይደርሳል።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን ቃል አላጣም። «ደቀቀ» በመዶሻም፣ በማንኪያም፣ በጥርስም ለደረሰው ሁሉ ይሆናል። «ሳይደቅና ሳይታኘክ እንዳለ ይዋጥ» ቢባል ለማንኪያም ለሙቀጫም ቀዳዳ አይተውም።